ዳኛው የት ቆሞ ነበር?

ፊሽካውን አንገቴ ላይ ያጠለቅኩት ፈልጌ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን ውስጥ የሰፈር ልጆች የቅርጫት ኳስ ግጥሚያ ነበራቸው፤ ሊዳኝ ቃል የገባው ሰው ቀረ። «አንተ ሕጉን ታውቀዋለህ አይደል?» አሉኝ። ሌሊት እየተነሳሁ የአሜሪካኖቹን ጨዋታ በቴሌቪዥን ማየቴን ሕግ ከማወቅ ጋር አምታትቼው «በደንብ እንጂ!» አልኩ። (ከዚያ ወዲህ ይህችን ቃል ስናገር እጠነቀቃለሁ።)

እስከ መጨረሻው ደቂቃ ድረስ ሰላም ነበር። በመጨረሻው ደቂቃ በአንድ ነጥብ የሚመራው ቡድን ይከላከላል፤ ሌላው ያጠቃል። አንድ ፈጣን ልጅ ኳሷን እያነጠረ ወደ ቅርጫቱ ተወረወረ፤ አንድ ቀጭን ተከላካይ መንገዱ ላይ ቆመ፤ ተጋጩ፤ ሁለቱም ወደቁ። እኔ የት ነበርኩ? መሀል ሜዳ፣ ከአጥቂው ጀርባ። ያየሁት የማልያውን ቁጥር ብቻ ነው። ግን ነፋሁ። ከነፉ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር ማለት ግድ ነው፤ ሜዳውን የከበበው ሰው «ፋውል!» ብሎ ስለጮኸ እኔም ጥፋቱን በተከላካዩ ላይ ጣልኩት። ሁለት ቅጣት ምት፤ ሁለቱም ገቡ፤ ጨዋታው አለቀ።

ተከላካዩ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ብድግ ብሎ ጉልበቱን እያራገፈ መጣና «ጋሼ፣ የት ሆነው ነው ያዩት?» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ፍለጋ ነው። ፍለጋው ግን በቅርጫት ኳስ መጽሐፍ አልጀመረም። የዚያን ዕለት ማታ ሻይ ስንጠጣ፣ አሊዩ አምባ ተወልዶ ያደገ አንድ ወዳጄ ሳቁን መቆጣጠር እያቃተው «የእኛ አገር ሽማግሌ ቢሆን እኮ መጀመሪያ "ማን አየ?" ብሎ ነበር የሚጠይቀው። አንተ ሳታይ ፈረድክ» አለኝ። ነገሩ ከነከነኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ድሮ ዳኞች፣ ስለ ድሮ ገበያዎችና ስለ አዲሶቹ ፊሽካ ነፊዎች ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። እነሆ ያገኘሁት።

አንድ ቃል፣ ሁለት ሥራ

እስቲ ከቃሉ እንነሳ። በአማርኛ ችሎት ላይ ተቀምጦ የሚፈርደውም ዳኛ ነው፤ ቁምጣ ለብሶ ፊሽካ የሚነፋውም ዳኛ ነው። ፈረንጆቹ ለሁለቱ የተለያየ ስም አላቸው፤ እኛ አንድ ይበቃናል ብለናል። ይህ የቃል እጥረት እንዳይመስላችሁ። የድሮው ሙግታችን ራሱ ከቢሮ ይልቅ ለሜዳ የቀረበ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ይጣላሉ። አንደኛው በንጉሡ ስም ይጣራል። በዚያ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ፣ ገበሬም ይሁን ነጋዴ፣ «ዳኘን» ይባላል። ስሙ የተጠራው የንጉሡ ነውና አልፎ መሄድ የለም። ሰውዬው ጉዳዩን ትቶ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ሙግቱም ይጀመራል። ዋስ ይጠራል፤ ተሟጋቾቹ ይወራረዳሉ፤ ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ እያሉ። «በላ ልበልሃ» ሲጀመር ደግሞ ትዕይንቱን ማየት ነበር። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን እየሰበቀ፣ ወደፊት ዘሎ ወደኋላ እየተመለሰ የሚሟገት ሰው፣ ዙሪያውን ደግሞ ለጥሩ አነጋገር የሚያጉረመርም ተመልካች። ፍርዱ ያልጣመው ወደ ሹሙ፣ ከሹሙ ወደ በላዩ፣ በመጨረሻም ወደ ንጉሡ ዙፋን ችሎት ይግባኝ ይላል። በዓለም ላይ መንገደኛውን ሁሉ ዳኛ የሚያደርግ ሥርዓት ብዙ ያለ አይመስለኝም።

የዚህ ዳኛ ጥንካሬው ዝግታው ነው። ሁለቱም ወገን ተራ አለው፤ ምስክር ይመጣል፤ ቀጠሮ ይሰጣል። ድክመቱም ግልጽ ነው፤ ነገሩ ሲሆን አልነበረም። የደረሰው ከድርጊቱ በኋላ ነው። ያልተመለከተውን ነገር ከሰው አፍ ሰብስቦ ነው የሚፈርደው።

የቅርጫት ኳስ ዳኛ የዚህ ግልባጭ ነው። ምስክሩም እሱ፣ ፈራጁም እሱ፣ አስፈጻሚውም እሱ። ፍርድ ቤት ቢሆን አንድ ሰው በአንድ ጉዳይ ምስክርም ዳኛም ሲሆን «ይነሳልን» ይባል ነበር። ሜዳ ላይ ግን ምስክር ያልሆነ ዳኛ ዳኛ አይደለም። የምስክርነቱም ጊዜ አንድ ሴኮንድ አይሞላም። እኔ ያን ቀን የመንገዱን ዳኛና የሜዳውን ዳኛ ድክመት ብቻ መርጬ ይዤ ነበር ማለት ነው፤ አላየሁም፣ ምስክርም አልሰማሁም፣ ግን ፈረድኩ።

ዳኛ የሌለበት ጨዋታም ነበረን፤ ገና። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ ሩር የምትባለዋ ኳስ፣ የተጫዋቹ ቁጥር ያልተወሰነ፣ የሜዳው ዳርቻ እስከ ቻሉት ድረስ። ቀጥሮ የሚከፍሉት ፊሽካ ነፊ የለም። በእሱ ፋንታ የቆመው ልማዱ ነው፤ በዚያች ዕለት ጌታው በሎሌው አይቆጣም፣ የተመታ አይከስም፣ የተሸነፈም የአሸናፊውን ስድብ ችሎ ይገባል። ብልህ መፍትሔ ነው፤ ግን በዓመት አንድ ቀን ነው የሚሠራው። ውጤት ተመዝግቦ፣ ዋንጫ ተቀምጦ፣ ሰው እንጀራውን የሚያበስልበት ጨዋታ ሲመጣ «አትቆጡ» ማለት አይበቃም።

ዓርብ፣ አሊዩ አምባ

ከሁለቱ መካከል የሚቆመው ገበያው ነው። ገበያ ውስጥ ጠብ እንደ መንገዱ ጠብ አንድ በአንድ አይመጣም፤ እንደ ቅርጫት ኳስ ከየአቅጣጫው ይፈነዳል። ዳኛ እስኪፈለግ ድረስ ሻጩ ሄዷል፣ በቅሎዋ ተነድታለች። ስለዚህ ዳኛው ጠቡ ሳይጀመር እዚያ መገኘት አለበት።

አሊዩ አምባ ዛሬ በአንኮበር ወረዳ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከአንኮበር ብርድ ቁልቁል ሲወርዱ፣ አየሩ እየሞቀ ምድሩ ወደ አፋር ቆላ መዘርጋት ሲጀምር የምትገኘው እሷ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813-1847) ግን ትንሽ አልነበረችም። ከታጁራ ወደብና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ሸዋ ሲገቡ የሚያርፉባት፣ በየዓርቡ የምትጨናነቅ የሸዋ ዋነኛ በር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞችን ይዞ የመጣው ካፒቴን ሃሪስ አይቷታል። በማግስቱ ዓመት የመጣው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ደግሞ ወራት ኖሮባታል፤ በንዳድ እየተሰቃየም ቢሆን የከተማዋን ኑሮ መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1844 በመጽሐፍ አውጥቶታል። ለአንዲት ገበያ ሁለት ጸሐፊ በሁለት ዓመት ውስጥ! ዛሬ አንድ ጋዜጠኛ እንኳ በዓመት አንዴ ብቅ ቢል ጥሩ ነበር።

ያ ዓርብ ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። ሐረሬው፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሶማሌው፣ ከደጋ የወረደው አማራና ኦሮሞ። ከባሕር የመጣ ጨርቅና ዶቃ፣ ከደጋ የወረደ እህልና ማር፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ በቅሎ። ገንዘቡ ራሱ አከራካሪ ነው። ማርያ ትሬዛው ጠገራ ብር አለ፤ አሞሌ ጨው አለ። አሞሌ ደግሞ ይሰበራል፣ ይሟሟል፤ ጠርዙ የተሸረፈ አሞሌ እንደ ሙሉው አይቆጠርም። «ስሰጥህ ሙሉ ነበር!» «ስቀበልህ ነው የተሰበረው!» ብላችሁ ስሙት። ከዚህ የበለጠ የብሎክና የቻርጅ ክርክር ከየት ይመጣል? ሁለት ሰው፣ አንድ ግጭት፣ ጥፋቱ የማን ነው?

እኔን የገረመኝ ሥልጣኑ የተከፋፈለበት መንገድ ነው። ከተማዋ የራሷ ሹም ነበራት፤ ቀረጡንም ጠቡንም የሚመለከተው እዚያው ገበያው መሀል ነው። ከእሱ በላይ፣ ጎንቾ ላይ ተቀምጦ የይፋትን ምድር የሚያስተዳድረው ወላስማ መሐመድ ነበር፤ የቆላው መንገድ በእሱ እጅ ነው። የሐረር ነጋዴዎች ደግሞ የራሳቸው አለቃ ነበራቸው፤ የሐረሬን ጉዳይ የሚያውቀው እሱ ነው። የመጨረሻው ቃል አንኮበር፣ ንጉሡ ዘንድ። ማለትም አንድ ሰው ሁሉን ያያል ብሎ ያሰበ የለም። እያንዳንዱ ሊያይ የሚችለው ክልል ነበረው። ሁለት ሹማምንት በአንድ ጉዳይ ላይ ሲጋጩ ምን እንደሚፈጠር መገመት አይከብድም፤ ስለዚህ ማን የማንን እንደሚያይ ቀድሞ የታወቀ መሆን ነበረበት።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ ብልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ከአሊዩ አምባ አቅራቢያ አብዱል ረሱል የምትባል መንደር ነበረች፤ እዚያ የሚሸጠው ሰው ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ ተነድተው የመጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ወደ ባሕር የሚወስዳቸውን ጉዞ ከዚያ ይጀምራሉ። ለተሸረፈ አሞሌ ዳኛ በነበረበት ምድር ለእነሱ ዳኛ አልነበረም። የሹሙ ዓይን ቀረጡ ላይ ነው፤ ቀረጥ የሚከፈልበት «ዕቃ» ክስ አያቀርብም። የትኛውም ዳኛ፣ የችሎቱም ሆነ የሜዳው፣ ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ ነገር ይመስለኛል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያይ የማይታየው ማን ነው?

ኳሱን የሚያይ፣ ሰውን የሚያይ

ወደ ቅርጫት ኳስ ስንመለስ የመጀመሪያው ሕግ አውጪ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቆ እናገኘዋለን። ካናዳዊው ጄምስ ኔይስሚዝ ጨዋታውን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1891 በአሜሪካዋ ስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ እኛ ወወክማ ብለን በምናውቀው ማኅበር የማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ዘጠኝ ለዘጠኝ፣ ሁለት የኮክ ቅርጫት፣ 13 ሕግ። ከ13ቱ ሕጎች ሁለቱ ስለ ዳኞች ናቸው። አንደኛው ዳኛ የሰዎቹ ዳኛ ነው፤ ማን ማንን ገፋ፣ ማን ያዘ የሚለውን ይመዘግባል። ሌላኛው የኳሷ ዳኛ ነው፤ ወጣች፣ ገባች፣ የማን ናት፣ ሰዓቱስ የሚለውን ይወስናል። ገና ጨዋታው ሳይጀመር ሰውየው አንድ ነገር ገብቶታል። ኳስን የሚከተል ዓይን ሰውን አያይም፤ ሰውን የሚያይ ዓይን ኳስን ያጣል።

ሌላም ደስ የሚል ነገር አለ። ኳስ ከመስመር ስትወጣ ቀድሞ የነካት ያስገባታል ይል ነበር የመጀመሪያው ሕግ፤ ካከራከረ ደግሞ ዳኛው ራሱ ቀጥታ ወደ ሜዳ ይወረውራታል። ማለትም «አላወቅኩም» የሚል ፍርድ በሕጉ ውስጥ ተቀምጦለት ነበር! እኔ ያን ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ። (ቀድሞ የነካት ያስገባት የሚለው ራሱ ችግር አመጣ፤ ተጫዋቾች ኳሷን ለመያዝ ተመልካቹ መሀል ገብተው ይራኮቱ ነበር። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ሕጉ ተለወጠ፤ በመጨረሻ የነካት ቡድን ያጣታል ተባለ። ሕግ ሁሌም ከተረጋገጠ ረብሻ በኋላ ነው የሚሻሻለው።)

ጨዋታው ግን ፈጠነ። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካው ሊግ አንድ ቡድን በ24 ሴኮንድ ውስጥ ካልወረወረ ኳሷን ያጣል ብሎ ደነገገ፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ በመጀመሪያ 30 ሴኮንድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 እሱም ወደ 24 ወረደ። ተጫዋቾቹ ረዘሙ፣ ከቅርጫቱ በላይ መዝለል ለመዱ። ሜዳው ግን ያው 28 በ15 ሜትር ነው፤ የዳኛውም ዓይን ያው ሁለት።

ሦስት ሴኮንድ

ስለ ፈጣን ጨዋታና ስለ ከባድ ፍርድ ሲነሳ ሚዩኒክን መዝለል አይቻልም። እ.ኤ.አ. መስከረም 1972፤ የኦሎምፒክ ፍጻሜ፤ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት። አሜሪካ እስከዚያ ዕለት በኦሎምፒክ ቅርጫት ኳስ ተሸንፋ አታውቅም። ጨዋታው ለቴሌቪዥን ተብሎ በእኩለ ሌሊት ዋዜማ ነበር የተጀመረው።

ሊጠናቀቅ ሦስት ሴኮንድ ሲቀር ሶቪየቶች 49 ለ48 ይመራሉ። አሜሪካዊው ደግ ኮሊንስ ኳስ ነጥቆ ወደ ቅርጫቱ ሲሮጥ ተጠለፈ፤ ክፉኛ ወደቀ። ተነስቶ ሁለቱንም ቅጣት ምት አገባ፤ 50 ለ49። በሁለተኛው ምት መሀል ግን ከጠረጴዛ ዳኞች በኩል ደወል ጮኸ። የሶቪየቱ አሠልጣኝ ኮንድራሺን በሁለቱ ምቶች መካከል የዕረፍት ጊዜ ጠይቀን ነበር፣ አልተሰጠንም ባይ ነው። ጨዋታው ቀጠለ፤ ወዲያው ጠረጴዛው አካባቢ ትርምስ ተነሳ፤ ብራዚላዊው ዳኛ ሬናቶ ሪጌቶ አንድ ሴኮንድ ሲቀር አስቆመው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ዛሬም በፊልም ሲያዩት ያዞራል። የፊባ ዋና ጸሐፊ ዊሊያም ጆንስ ከመቀመጫው ወርዶ ሦስት ጣቱን አሳየ፤ ሦስት ሴኮንድ ይመለስ! በጨዋታ መሀል እንዲህ የማዘዝ ሥልጣን በሕጉ አልነበረውም፤ ግን አለቃ ነው፤ ማን እምቢ ይበለው? ጨዋታው እንደገና ተጀመረ፤ ሰዓቱ ግን ገና ተስተካክሎ አላለቀም ነበር። ደወሉ ጮኸ፤ አሜሪካኖቹ ሜዳው ላይ ተቃቀፉ። አይ፣ አልሆነም፤ ሰዓቱ ስላልተስተካከለ ይደገም ተባለ። ለሦስተኛ ጊዜ። ኢቫን ኤዴሽኮ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ወረወራት፤ አሌክሳንደር ቤሎቭ ተቀብሎ አገባ። 51 ለ50።

ሁለቱ ዳኞች፣ ሪጌቶና ቡልጋሪያዊው አርቴኒክ አራባጂያን፣ መጥፎ ዳኞች አልነበሩም። ሪጌቶ በኋላ የመጨረሻዋ ቅርጫት ሕጋዊ አይደለችም ብሎ ተቃውሟል። አሜሪካኖቹ ይግባኝ አሉ፤ አምስት ሰዎች ያሉት ጉባኤ 3 ለ2 ውድቅ አደረገው። የኩባ፣ የሀንጋሪና የፖላንድ ሰዎች በአንድ ወገን፣ የጣሊያንና የፖርቶ ሪኮ ሰዎች በሌላ ወገን። የዘመኑን ካርታ የሚያውቅ ሰው ድምፁ ሳይቆጠር ውጤቱን ይነግራችሁ ነበር። የአሜሪካ ተጫዋቾች የብር ሜዳሊያውን አንቀበልም ብለው ቀሩ፤ ዛሬም አልወሰዱትም።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የቀዝቃዛው ጦርነት ተረት አድርጎ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ደጋግሜ ሳየው የሚታየኝ ሌላ ነው። የተበላሸው ፍርድ ሰው በመግፋትና ባለመግፋት ላይ አልነበረም። የተበላሸው ከዚያ በፊት ነው፤ ደወሉን ማን ይሰማል፣ ሰዓቱን ማን ያስተካክላል፣ ከጠረጴዛው ለሜዳው ማን ይነግራል፣ ከላይ የተቀመጠ ሰው ሲወርድ ማን «ይቅርታ፣ ይህ የእኛ ነው» ይላል። አሊዩ አምባ ላይ የይፋቱ ገዢ፣ የከተማው ሹምና የሐረሬዎቹ አለቃ አንድ ላይ አንዲት በቅሎ ልጓም ሲጎትቱ አስቡት። ሚዩኒክ ያ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ለውጦች ሁሉ ዳኛውን ጀግና ለማድረግ ሳይሆን ሥራውን ለመከፋፈል የታሰቡ ናቸው። የአሜሪካው ሊግ ሦስተኛ ዳኛ እ.ኤ.አ. በ1978 ሞክሮ፣ በዓመቱ ትቶ፣ በ1988 መልሶ አጸናው፤ ዛሬ ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ውድድሮችም በሦስት ዳኞች ነው የሚመሩት። አንደኛው ከቅርጫቱ ሥር በስተኋላ መስመር ላይ ይቆማል፤ ሁለተኛው ከአጥቂዎቹ ኋላ፤ ሦስተኛው በወዲያኛው ጎን፣ ከቅጣት ምቱ መስመር ትይዩ። ኳሷ ስትዞር እነሱም ይዞራሉ። በማንኛዋም ቅጽበት ኳሷን የሚያየው አንድ ነው፤ ሁለቱ ኳስ የሌላቸውን ሰዎች ያያሉ። ክርኑ የሚሰነዘረው፣ ማልያው የሚጎተተው ሁሉም ኳሷን ሲያይ ነውና።

ደግሞ ርቀቱ አይደለም ዋናው፤ አንግሉ ነው። በጣም የቀረበ ዳኛ ሁለት የተጣበቁ ሰውነቶችን ብቻ ያያል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ክፍተት ሊያይ የሚችለው ጎን ለጎን የቆመው ነው፤ ክፍተቷ ስትዘጋ ማን እንደዘጋት የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። አጥቂው ሲሮጥ ልምድ ያለው ዳኛ የሚያየው አጥቂውን አይደለም፤ ተከላካዩን ነው። አጥቂውንማ ሁሉም ያየዋል። ተከላካዩ ፊቱን ወደ አጥቂው አዙሮ ሁለት እግሩን መሬት አስይዞ ነበር? ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የዘለለው ወይስ ወደፊት ተደፍቷል? ለዚህ መልስ ያለው ዳኛ ግጭቱ ሳይደርስ ግማሹን ፍርድ ጨርሷል። ፊባም ከ2010 ጀምሮ ከቅርጫቱ ሥር 1.25 ሜትር ራዲየስ ያላት ግማሽ ክብ አሥምሯል፤ ተከላካይ እሷ ውስጥ ቆሞ «ገፋኝ» ብሎ ቻርጅ ማግኘት አይችልም። ለዳኛው የተሰጠ ስጦታ ናት፤ ሐሳብ ማንበብ ቀርቶለት እግር ማየት ተሰጠው።

ቪዲዮም መጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 የሻርሎቱ ባሮን ዴቪስ ከኦርላንዶ ጋር ሰዓት ሲያልቅ የወረወራት ኳስ ገባች፤ ዳኞቹ ግን ሰዓቱ አልፏል ብለው ሻሩት። ቴሌቪዥኑ ደጋግሞ ሲያሳየው ኳሷ ከእጁ የወጣችው ሰዓቱ ሳያልቅ ነበር። (ሻርሎት በተጨማሪ ሰዓት አሸንፎ ነገሩ በረደ እንጂ!) በተከታዩ የውድድር ዓመት ሊጉ ዳኞች በየሩቡ መጨረሻ ምስል መልሰው እንዲያዩ ፈቀደ። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዞሮ ዞሮ ጨዋታው የመንገዱን ዳኛ አንድ ጥበብ መልሶ አገኘ ማለት ነው፤ ቆም ብሎ ምስክር መስማት። ልዩነቱ ምስክሩ ካሜራ መሆኑ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ካሜራ የለም። ስለዚህ ያለን እግራችን ነው፤ ቀድሞ የሚደርስ እግር።

በተከታዩ ዓመት ያው ሜዳ እንደገና ጠሩኝ። (ሰው ስለጠፋ እንጂ ስለወደዱኝ አይደለም።) አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጥኩ፤ ብቻዬን አልነፋም። አንድ ቀድሞ ተጫዋች የነበረ ሰው አብሮኝ ሊዳኝ ተስማማ፤ ከጨዋታው በፊት አሥር ደቂቃ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ከቅርጫቱ ሥር የሚሆነው የማን ነው? ከዳር የሚመጣውስ? ሁለታችንም ብንነፋ ቀድሞ እጁን የሚያሳየው ማን ነው? ልጆቹ ሚስጥር የምንማከር መስሏቸው ይጠረጥሩን ነበር።

በሁለተኛው አጋማሽ ኳስ ተነጥቃ ሁለት ለአንድ ሆኑ። በዚህ ጊዜ ከኋላ አልተከተልኩም፤ ትንፋሼ እስኪቆረጥ ሮጬ (የደብረ ብርሃን አየር ለሯጭ ነው እንጂ ለእኔ አይሆንም) ከቅርጫቱ ጎን መስመሩ ላይ ደረስኩ፤ ዞርኩ፤ ቆምኩ። ተከላካዩን አየሁት። ሁለት እግሩ መሬት ላይ ነው፤ ደረቱ ወደ አጥቂው ነው። ተጋጩ። ፊሽካው አፌ ውስጥ ነበር፤ ሁለቱም እስኪወድቁ ጠበቅኩ። ከዚያ ነፋሁ፤ እጄንም ወደ ሌላኛው ቅርጫት ዘረጋሁ፤ የአጥቂ ጥፋት።

ጩኸቱ ከባለፈው ዓመት የባሰ ነበር። አጥቂው እየተንገበገበ መጣ። «ጋሼ፣ እንዴት?»

«ቀድሞህ ቆሟል። እግሩ አልተንቀሳቀሰም።» የቆምኩበትን መስመር በጣቴ አሳየሁት። «ከዚህ ሆኜ ነው ያየሁት።»

መስመሩን አየ፣ ተከላካዩን አየ፣ ምንም ሳይል ወደ ኋላ ሮጠ።

ያን ቀጭኑን ልጅ ከተመልካቹ መሀል ፈለግኩት። ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሄዷል አሉኝ።